የእህቴ ሃያ ሰባት ቁጥር

ሰው ስለ እህቴ ስለ ኦዲናሞ ሲጠይቀኝ ከጥርሷ ነው የምጀምረው። የፊቶቹ አራቱ ገና በአርባ ዓመቷ አልቀው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በፍሬ ወራት ከእንጆሪ ዛፍ ሥር እየዋለች፣ በቀን መቶ ፍሬ እየቀመሰች፣ ጥርስ ከየት ይምጣ? አንዷን ፍሬ ምላሷ ላይ ታኖርና ዐይኗን ትጨፍናለች፤ ቀስ ብላ ታላምጣለች፤ ከዚያ የቀረውን መዳፏ ላይ ተፍታ ዘሩን በጥፍሯ እየለየች ትቆጥራለች። «ስኳሩ ጥሩ፣ ልጣጩ ቀጭን፣ ዘሩ ሦስት» ብላ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። በዚያ ሰዓት መንገደኛ ሰላም ቢላት አትሰማም። እናታችን «እንዲህ አድርገሽ ወንድ ብትመርጪ ኖሮ እስከ ዛሬ አግብተሽ ነበር» ስትላት፣ አፏ ውስጥ ያለውን ሳትውጥ «ወንድ አይደርቅ፣ ጎተራ አይገባ፣ ምን ያደርግልኛል፣ እማ?» ትላለች።

እኔ ቃዳምሾ እባላለሁ፣ ታናሽ ወንድሟ ነኝ። ይህን የማወራው አመስግኑልኝ ብዬ አይደለም፤ ታሪኩን ስትሰሙ ማመስገኑ ቀርቶ ሰላምታም ትነፍጉኝ ይሆናል።

መንደራችን በረጃጅም ተራሮች መካከል፣ የባርታንግ ወንዝ ከትልቁ ከፓንጅ ወንዝ የሚገናኝበት አፍ ላይ ናት። የስንዴ መሬታችን ተሰብስቦ አንድ ምንጣፍ አይሞላም፤ የሚያኖረን እንጆሪ ነው። ትኩሱን በልተን የቀረውን ጣራ ላይ እናሰጣለን፣ ሲደርቅ ጎተራ እናስገባለን፣ በረዶው መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ወቅጠን ዱቄቱን በሻይ እንበላለን። አንድ ዓመት፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ዝናብ ጣራ ላይ የተሰጣውን ፍሬ ከላይ እስከ ታች አበሰበሰው። አባታችን የሞተው በዚያ ዓመት ነው። ኦዲናሞ ይህን አልረሳችም። ከተማ ያለው የአትክልት ጣቢያ ከወንዙ ዳር በድንጋይ ካብ የታጠረ ማሳ ሰጥቶ ሲቀጥራት፣ የፈለገችው ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ነበር፤ ዘር የሌለው፣ ሲበስል የማይረግፍ፣ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ የሚቆይ፣ ጎተራ ገብቶም ትል የማይደፍረው እንጆሪ። የወንዴውን ዛፍ አበባ ከሴቴው እያዳቀለች፣ ከዘር እያበቀለች፣ ለእያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር እየሰጠች፣ ስትቀምስና ስትጥል ኖረች።

ወጣት ሳለች አንድ ጊዜ ተቻኩላለች። ዘጠኝ ቁጥር በመጀመሪያ ዓመቷ እንደ ማር ስትጣፍጥ ጊዜ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ለጠየቃት ሁሉ ቀንበጥ እየቆረጠች አደለች። እኛ ዘንድ ለዛፍ መቀጠያ ቀንበጥ ጠይቆ እምቢ የሚባል ሰው የለም፤ ውሃ እንደ መከልከል ነው። መንደርተኛው የድሮ ዛፎቹን አናት እየቆረጠ ዘጠኝ ቁጥርን ቀጠለበት። ከአራት ዓመት በኋላ ጎተራ የገባው ፍሬ ጥር ሳይጋመስ ሻጋታ ሆነ። አፍ አውጥቶ የሰደባት አልነበረም። ግን ያን ዓመት ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት ስለ አየሩ ብቻ ነበር የሚያወራት፤ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። ከዚያ ወዲያ ሕግ አወጣች። ፍሬው ሦስት ዓመት ጎተራ ውስጥ ሳይፈተን አንዲት ቀንበጥ ከዚያ ማሳ አትወጣም አለች።

ሃያ ሰባት ቁጥር ስታፈራ እኔ ወደ ኦሽ ከተማ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ቤት ብመጣ ነው። አንድ ቀን ገና ከመኪና ስወርድ አንዲት የደረቀች እንጆሪ አፌ ውስጥ ከተተችብኝ።

«ምን ይልሃል?»

«ይጣፍጣል።»

«ይጣፍጣልማ ከብትም ይላል። ዘሩስ?»

በምላሴ ፈለግኩ። «ዘር የለውም።»

«ዛፍ ላይ ነው የደረቀው» አለችና አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ እንዳይታይ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የምታደርገው።

«የትኛው ዛፍ ነው፣ እታለም?»

«እሱን አልነግርህም። አንተ ወሬኛ ነህ።»

ለማንም አልነገረችም። ቀንበጥ መከልከል ነውር እንደሆነ ሁሉ፣ የከለከለን ሰው ቀንበጥ መስረቅ እኛ ዘንድ ጉብዝና ነው። ይሄን ስለምታውቅ ከሃያ ሰባት ላይ የቆርቆሮ ቁጥሯን ነቀለች። በዚህ አላበቃችም። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ከሥሩ ይታወቃል፤ ጨርቅ ዘርግተን ስለምናረግፈው ሥሩ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ተጠርጎ፣ ለስልሶ ነው የሚኖረው። ከወንዴ ዛፍ ሥር ግን ድንጋይና እሾህ ነው፣ ማን ይለፋለታል? ሃያ ሰባት ፍሬዋን ስለማትጥል ኦዲናሞ መሰላል ላይ ወጥታ በእጇ ነበር የምትለቅማት። ስለዚህ ሥሯን አልጠረገችም፤ እንዲያውም ከወንዙ ድንጋይ እያመጣች አፈሰሰችበት። ከውጭ ለሚያይ ሰው ያቺ ዛፍ ከላይኛው ካብ ጥግ ካሉት ወንዴዎች አንዷ ነበረች።

የመኪናው ነዳጅ ጠፍቶ እኔ ለይቶልኝ ቤት የገባሁበት ዓመት ላይ፣ ጎረቤታችን አባባ ዳቭላትቤክ ቢላዋቸውን ስለው፣ እርጥብ ጨርቅ ይዘው መጡ። የተቆረጠ ቀንበጥ እንዳይደርቅ የሚጠቀለለው በእሱ ነውና፣ እርጥብ ጨርቅ የያዘ ሰው ለምን እንደመጣ አይጠየቅም።

«ልጄ፣ ያቺን ዛፍ ላይ የምትደርቀውን አንዲት ቀንበጥ ስጪኝ» አሏት።

«ሦስተኛው ዓመት ይለቅ፣ አባባ። ለፊታችን ናቭሩዝ፣ አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ በመጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምሰጠው።»

«ለፊታችን ናቭሩዝ በሕይወት እንደምቆይ ማን ነገረሽ?»

«ዘጠኝ ቁጥርን ረሱት እንዴ?»

«ዘጠኝ ቁጥርን እኛ ከተፋነው ቆየን። አንቺ ነሽ እስከ ዛሬ የምታላምጪው።»

ሻይ ቀርቦላቸው ሳይጠጡ ሄዱ። እኔ ንድድ አለኝ።

«ስጫቸው በቃ። ሽማግሌ እኮ ናቸው» አልኳት።

«አንተ ምን አገባህ? መኪናህን ንዳ።»

«መኪናው ነዳጅ የለውም።»

«እንግዲያው አፍህንም ነዳጅ አትጨምርበት» አለችኝ።

በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። መንገዱ በሁለቱም በኩል ተዘጋ። ዱቄት የለ፣ ከሰል የለ፣ መብራቱ ጠፋ፣ በረዶው ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ወረደ። ሚስቴ ሳቭሪ በታኅሣሥ ሴት ልጅ ወለደች። ቤት ውስጥ በባልዲ ያለው ውሃ ይረጋ ነበር። ልጅቷን በሳቭሪ ሆድና በእኔ ጀርባ መካከል አድርገን ነበር የምናውላት፤ ስታለቅስ እንኳ ድምጿ አይወጣም ነበር። ኦዲናሞ ደግሞ ሻይ በጨው እየጠጣች ትውላለች፤ ጎተራዋ ውስጥ የሃያ ሰባት አንድ ጆንያ ታሽጎ ተቀምጧል፣ አትነካውም። ፈተናው የሚያልቀው ናቭሩዝ ላይ ነውና።

በየካቲት መጀመሪያ ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ ከተማ ልሂድ አለች። በእግር የሦስት ቀን መንገድ ነው።

«በዚህ በረዶ ማንን ብለሽ ነው የምትሞቺው?» አልኳት።

«ጣቢያው ላይ ደብተሬን አይቶ የሚፈርምልኝ ባገኝ ናቭሩዝን አልጠብቅም፤ ተመልሼ ቀንበጡን አድላለሁ። ሰዉ ከዚህ በኋላ እንዲህ አይራብም» አለች። ጫማዋን በገመድ አሰረችና ወጣች።

እሷ በሄደች በአራተኛው ቀን መንደሩ ተሰበሰበ። ሰው በብርድ ማለቁ ነው፣ ዛፍ ይቆረጥ ተባለ። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ የነካ ከመንደሩ ይውጣ፣ የሚቆረጠው ወንዴ ብቻ ይሁን ተባለ። ሕፃን ላለው ቤት ቅድሚያ ተሰጠ። ከኦዲናሞ ማሳ አንድ ወንዴ ይውጣ፣ ቆራጩም ወንድሟ ይሁን፣ ብትቆጣም ከእሱ ጋር ትስማማለች አሉ። አባባ ዳቭላትቤክ ብቻ «ባለቤቷ እስክትመጣ ብንቆይ» ብለው ነበር። እኔ ነኝ «ልጄስ ትቆይልኛለች ወይ?» ያልኳቸው።

መጋዝና መጥረቢያ ይዤ ሄድኩ። በላይኛው ካብ ጥግ ሦስት ዛፎች ቆመዋል፣ ቅጠል የለ፣ ፍሬ የለ፣ በዚያ ወር ሁሉም ዛፍ አንድ ነው። አያቶቻችን እንዳስተማሩን በረዶውን በእግሬ ገፈፍ አድርጌ ሥራቸውን አየሁ። አንደኛው ድንጋይና እሾህ፣ ሁለተኛው ድንጋይና እሾህ፣ ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ የድንጋይ ክምር። ሦስቱም ወንዴ ናቸው አልኩ። የሦስተኛው ግንድ ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለው፣ ለመጋዝ የሚመች ነበር። እንጨት እንዳይባክን ብዬ ድንጋዩን ገፍቼ ከመሬት እኩል ቆረጥኩት። ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ በጀርባዬ ቀድሜ ወሰድኩ፣ ለማቀጣጠያ እሱ ነው የሚሻለው። ያን ቀን ልጄ ከተወለደች ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ከመጠቅለያዋ አወጣች። ሳቭሪ አለቀሰች፣ እኔም ደስ አለኝ፤ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ኦዲናሞ ዛፉ በተቆረጠ በአምስተኛው ቀን ተመለሰች፣ ወደ ቤቷ ሳትደርስ በቀጥታ ወደ እኛ ገባች። ጣቢያው ሰው አልነበረበትም አለችን፤ ግን ጡረታ የወጣውን የቀድሞ አለቃዋን ቤቱ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ «ስጫቸው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ፈርሞላታል። ይህን ስትነግረን አፏን በእጇ አልሸፈነችም። «ነገ ጠዋት የአባባ ዳቭላትቤክን ቀንበጥ እቆርጣለሁ፣ ከዚያ የአንተን፣ ከዚያ የሁሉንም» አለች። ሳቭሪ ወደ ምድጃው አስጠጋቻት።

ከምድጃው ጎን የተደረደረውን እንጨት አየችው። አንዱን አንስታ አገላበጠችው፤ መግረዣዋ ያረፈበትን ጠባሳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄን ከየት ቆረጥከው?»

«ከማሳሽ። መንደሩ ነው የወሰነው፣ ወንዴውን ነው የቆረጥኩት፣ ሥሩን አይቼ…»

«ሃያ ሰባት ናት» አለች።

ዞር ብላ ምድጃው ውስጥ አየች።

«ቀጫጭኑስ? የዘንድሮው ቀንበጥ የት አለ?»

«አቀጣጠልንበት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ እታለም።»

እንጨቱን ከነበረበት መልሳ አስቀመጠችው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ፣ በዚያው እንጨት ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። «ድንጋዩን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» ብቻ አለች። ከዚያ እጇን ወደ እሳቱ ዘርግታ «ልጅቷ ሞቃት?» ብላ ሳቭሪን ጠየቀቻት።

«ሞቃት» አለች ሳቭሪ።

«ደግ።»

በማግስቱ ጆንያውን ፈታችው። ትል የለ፣ ሻጋታ የለ፣ ልክ ከዛፍ እንደወረደ ነበር። ደብተሯ ላይ «ሦስተኛ ዓመት፣ ጸንቷል» ብላ ጻፈችና በሳህን በሳህን እየሰፈረች ለየቤቱ አደለችው። ከአባባ ዳቭላትቤክ ጀመረች። አንዷን አፋቸው ከተው «ይቺ ናት?» አሏት። «ይቺ ነበረች» አለች። እሳቸውም ሳህኑን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ፍሬ ውስጥ አንዲት የሚዘራ ዘር አልተገኘም፤ ዘር የለሽ ትሁን ብላ ነው ሃያ ሁለት ዓመት የለፋችው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ዐይኗን ማየት አቃተኝ። በሩቅ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ፤ እሷም አትጠራኝም። በሚያዝያ ግን ከካቡ ውጭ ሳልፍ አንገቴን አስግጌ ባይ፣ ከጉቶው ጎን ሁለት ቀይ እምቡጥ ወጥቷል። በአምላክ፣ ያን ቀን እንደ ልጅ ነው የሮጥኩት። በሯን በርግጄ ገባሁና «አቆጥቁጣለች! ሃያ ሰባት አቆጥቁጣለች!» አልኳት። ከዘር የበቀለ ዛፍ ቢቆረጥም ከገዛ ሥሩ ተመልሶ ያንኑ ያፈራል፤ ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል።

መጣች። ተንበርክካ አየችው። ከጥቂት ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ቅጠል ስትዘረጋ ደግሞ መጥታ በጣቶቿ መካከል ይዛ ብዙ ቆየች። «እህ?» አልኳት። «ውሃ ትፈልጋለች» አለችኝ።

ቦዩን ጎርፍ ወስዶታል፣ የሚጠግነው ሰው የለም። እኔ ከወንዙ እየቀዳሁ ጠዋትና ማታ ተሸከምኩላት። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ፍየል እንዳይደርስባት እሾህ አጠርኩ። እሷ ካቡ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ቀስ በቀስ ማውራት ጀመርን፤ «መኪናህን እንዲህ ብትንከባከበው ኖሮ እስከ ዛሬ በውሃም ይሄድልህ ነበር» ትለኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ። ሰው «ዘንድሮ ስንተኛዋ ናት?» ሲለኝ፣ «ለከርሞ ታፈራለች፣ እርጥብ ጨርቅህን አዘጋጅ» እላለሁ። አባባ ዳቭላትቤክ ይህን እየሰሙ ነው የሞቱት። ለልጃቸው ቀንበጧን የሚቀጥልበትን ዛፍ አሳይተውት ነበር።

በአራተኛው ጸደይ ዛፏ አበበች። ጠዋት ባልዲዬን ይዤ ስደርስ ከየቅርንጫፉ ረጃጅም ጭራ የመሰለ አበባ ተንጠልጥሏል። ነካ ባደርገው ብናኙ እጅጌዬን ቢጫ አደረገው። በእንጆሪ አገር ተወልጄ ይሄን የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ባልዲውን እዚያው ትቼ ወደ እሷ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«ወንዴ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያዋ ቅጠል።»

ከዚያ ነገረችኝ። ሃያ ሰባት ከዘር በቅላ ቶሎ እንድታፈራ ብላ፣ ገና የጣት ቁመት ሳለች ቀንበጧን ከአንድ ያደገ ወንዴ ግንድ ላይ ቀጥላው ነበር። ችግኟ ራሷ በዚያው ዓመት ብርድ ገደላት። የተቀጠለችበት ቦታ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ነበር። እኔ እንጨት እንዳይባክን ብዬ ከዚያ በታች ቆረጥኩት።

«ታዲያ አራት ዓመት ውሃ ስሸከም ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?» ጮህኩባት፤ አዎ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ ጮህኩባት። «ሰዉን ሁሉ ሳስጎመዥ፣ አባባ ዳቭላትቤክ በተስፋ ሲሞቱ፣ ምነው አንዲት ቃል ብትነግሪኝ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ልነግርህ ነበር የመጣሁት፣ ያን ቀን። ፊትህን ሳይ አቃተኝ» አለች። «ከዚያ በየጠዋቱ ባልዲህን ይዘህ ስትመጣ፣ እንደዚያ አምነህ ስትመጣ፣ ‹ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ?› እል ጀመር። ቅጠሉን እያየሁ ወንዴ ነው እላለሁ፣ አንተን እያየሁ አይደለም እላለሁ። ካቡ ላይ የምቀመጠው አንተን ለማየት ነበር።»

ሽንኩርቱን ተቀብዬ መላጥ ጀመርኩ።

በማግስቱ ውሃ ይዤ አልሄድኩም። እሷም ወደ ካቡ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ያቺን ማሳ ግን ዳግመኛ አልረገጠቻትም። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ቀን ጠዋት አበባውን በእጄ ሽምጥጥ አድርጌ መሬት ውስጥ ቀብሬ፣ ውሃዬን አጠጥቼ ዝም ብዬ ብመለስ ኖሮ እላለሁ።